የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ይሰጥ ወይ?



ባለፈው ወር እዚህ ካኩማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከመወያያ ነጥቦቹ አንዱ «በሳምንት የተመደቡት የስፖርት ክፍለ ጊዜዎች ለሂሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይዋሉ» የሚል ነበር። አንድ አባት ተነስተው «ሩጫ እንደሆነ እኛ ከአገራችን ጀምረን ስንሮጥ ነው የኖርነው። ልጆቻችን እንኳ ቁጭ ብለው ይማሩ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ተጨበጨበም። እኔም ሳቅሁ። ጊዜው ስለመሸ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እጅ አውጡ ተብለን ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሰው «ይሰረዝ» እንደሚል አይቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም «ይሰረዝ» ከሚሉት አንዱ እሆን ነበር። ዛሬ ግን «አይሰረዝ፤ እንዲያውም በደንብ ይሰጥ» እላለሁ። ለምን እንደዚህ እንደምል በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ሐሳቤን ባትቀበሉትም እንኳ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር

ሦስት ዓመት ይሆናል። ትልቋ ልጄ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ውጤቷ ቀነስ ሲል ደነገጥሁና ለክፍል ኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፍሁ። «ልጄ በስፖርት ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንድታጠና ይፈቀድልኝ» የሚል ነበር። ተፈቀደልኝ። ብልህ አባት የሆንሁ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ራስ ምታት ጀመራት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ በትንሽ በትልቁ ታኮርፋለች። ወባ ይሆናል ብዬ ወደ ክሊኒክ ወሰድኋት። ደሟ ታየ፤ ወባ የለም። ዓይኗም ታየ፤ ደህና ነው። ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና «እስኪ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ሠራሽ?» አለቻት።

ልጄ አንድ በአንድ ቆጠረች። ጠዋት ቧንቧ ሰልፍ፣ ከዚያ ጀሪካን ተሸክሞ መመለስ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ጓደኞቿ ሜዳ ሲወጡ እሷ ክፍል ውስጥ። ከትምህርት ቤት መልስ እሳት ማንደድ፣ ታናናሾቿን መጠበቅ፣ ከዚያ በባትሪ መብራት ማጥናት፣ ከዚያ መተኛት። ነርሷ አዳመጠቻትና «የተጫወትሽበት ሰዓት የቱ ነው?» አለቻት። ልጄ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ። በዚያ ቀን ከክሊኒኩ የተሰጠን መድኃኒት አልነበረም። ነርሷ የጻፈችልን ወረቀት ላይ «ከነገ ጀምሮ ወደ ሜዳ ትመለስ» የሚል ብቻ ነበር።

እንደተባለው አደረግን። ራስ ምታቷ እየቀለለ ሄደ፤ እንቅልፏም ተስተካከለ። አንዲት ልጅ ደህና ሆነች ማለት ግን ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ረድቷት ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚያ ቀን የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ የልጄን ቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እናንተስ የልጃችሁን ቀን ቆጥራችሁታል?

ለልጅ የሚበቃው ምን ያህል ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ማድረግ አለባቸው። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ልብን በኃይል የሚያስመታ፣ ጡንቻንና አጥንትንም የሚያጠነክር መሆን አለበት። መመሪያው አካል ጉዳተኛ የሆኑ ልጆችንም ይመለከታል።

መካከለኛና ጠንካራ ሲባል እንዴት ይታወቃል? መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ከተቆረጠ ጠንካራ ነው። እየዘፈነ የሚሄድ ከሆነ ገና አልጀመረም።

ስልሳው ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። አሥር ደቂቃ ገመድ ዝላይ፣ ሃያ ደቂቃ አባሮሽ፣ ሠላሳ ደቂቃ ኳስ ተደምሮ ይሞላል። ጥቅሙም ብዙ ነው፤ ልብና ሳንባ ይጠነክራሉ፣ አጥንት በማደጊያው ዕድሜ ይደነድናል፣ እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ጭንቀት ይቀንሳል። በልጅነቱ መንቀሳቀስ የለመደ ሰው በጎልማሳነቱ ደም ግፊትና ስኳር በሽታን ለመከላከል የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ይህን ልክ የሚያሟሉት ልጆች ግን ጥቂት ናቸው። በ2019 በወጣውና ከ146 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ በያዘው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት መሠረት በ2016 ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑት ተማሪዎች መካከል 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ከሴቶቹ 85 በመቶው፣ ከወንዶቹ 78 በመቶው ማለት ነው። ይህ የሀብታም አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ በድሃ አገሮችም ያለው ቁጥር ከዚያ ብዙም አይርቅም።

«የኛ ልጆች ውሃ ይቀዳሉ፤ ምን ስፖርት ያስፈልጋቸዋል?»

ይህን ብዙ እናቶች ይሉኛል፤ እውነትም አለበት። የኛ ልጆች በመኪና ወደ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች እናነጻጽር።

ሃያ ሊትር የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ሠላሳ ኪሎ የማትሞላ ልጅ ተሸክማው ስትሄድ በዝግታ ነው የምትሄደው፤ አንገቷና ወገቧ ይጫናል፤ ትንፋሿን ግን እንደ ሩጫ አይጠራውም። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው መሸከሙ ሳይሆን ሰልፉ ነው። ሰልፍ ላይ መቆም ደግሞ እንቅስቃሴ አይደለም። ሥራ ለልጅ ድካም ይሰጠዋል፤ ድካም ሁሉ ግን ጥንካሬ አይሆንም። ልጅ በሥራ ላይ ሳለ አይስቅም፣ አቅጣጫ አይቀይርም፣ አይዘልም፣ ኳስ አይቀልብም፣ መሸነፍንና ማሸነፍን አይማርም።

ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሚነሳውንም አውቃለሁ። ኃይሌ በአሰላ አካባቢ ሲያድግ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ አሥር ኪሎ ሜትር መልስ ይሮጥ ነበር፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ስለሚሮጥም ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላ እንኳ ግራ እጁን ጠቅልሎ እንደሚሮጥ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በ1996 እና በ2000 በአሥር ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። በ2003 የወጣ ጥናትም ታላላቆቹ የኢትዮጵያ ረዥም ርቀት ሯጮች በልጅነታቸው ከሌሎች ይበልጥ ሩቅ ትምህርት ቤት ይሄዱ፣ ብዙዎቹም እየሮጡ ይሄዱ እንደነበር አሳይቷል።

ታዲያ የኛ ልጆች ትምህርት ቤት የት ነው? የአብዛኞቹ ከብሎካቸው ብዙም አይርቅም። ኃይሌ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሩጫ የኛ ልጅ መንገዱ ላይ አያገኘውም። ከትምህርት ቤት መልስስ? ሴቷ ወደ ጓዳ፣ ወንዱ ወደ ቪዲዮ ቤት። ቅዳሜና እሑድ ቪዲዮ ቤት ግቡ፤ የእንግሊዝ ክለቦችን ተጫዋቾች ስም በሙሉ በቃል የሚያውቁ፣ ራሳቸው ግን ኳስ ከነኩ ሳምንት የሆናቸው ልጆች ታገኛላችሁ። እኛ በዚያ ዕድሜ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ የካልሲ ኳስ እየተጫወትን ነበር የሚመሽብን። እነዚህን ጨዋታዎች ለልጆቻችን ያስተማርን ስንቶቻችን ነን?

«ፈተና ይወድቃሉ»

ይህ ፍርሃት የኔም ነበር። እዚህ ልጆቻችን የሚማሩት በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። እስከ 2023 ድረስ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ብሔራዊ ፈተና ይወስዱ ነበር። ስፖርት ፈተና አልነበረውም፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ «ስፖርት» ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ ሰዓቱ ሲደርስ ግን የሂሳብ አስተማሪ ይገባ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የተሻለ ቦታ ተሰጠው፤ ልማዱ ግን ቶሎ አይለቅም።

ይሁን እንጂ ከስፖርት የተወሰደ ሰዓት ውጤት ይጨምራል የሚለው ሐሳብ ተሞክሮ ታይቷል። በካናዳ ትሯ ሪቪየር በምትባል ከተማ አካባቢ ከ1970 እስከ 1977 ድረስ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የተወሰኑ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በየቀኑ አንድ ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ለዚህም ሲባል የቀለም ትምህርት ሰዓታቸው ከ13 እስከ 14 በመቶ ተቀነሰ። ውጤታቸው ወደቀ? አልወደቀም። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲያውም ሰዓት ካልተቀነሰባቸው ልጆች ተሻሉ።

በስዊድን ማልሞ ከተማ ቡንኬፍሉ በሚባል ሰፈር ደግሞ በ1999 ሌላ ሙከራ ተጀመረ። በሳምንት 60 ደቂቃ የነበረው የስፖርት ትምህርት በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 200 ደቂቃ ሆነ። ልጆቹ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ሲታዩ አጥንታቸው ይበልጥ ጠንክሮ ተገኘ። ከወንዶቹም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት የሚያበቃ ውጤት ያመጡት ቁጥራቸው ጨመረ።

በእርግጥ ካናዳና ስዊድን ካኩማ አይደሉም። እዚያ በአንድ ክፍል መቶ ልጅ የለም፤ ሙቀቱም እንደዚህ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ይነግሩናል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ሜዳ የወጣ ልጅ በዚያ ምክንያት ፈተና አይወድቅም። የኛ ልጆች ሂሳብ የሚከብዳቸው መጽሐፍ ለአምስት ስለሚካፈሉ፣ አስተማሪ ስለሚያንስ፣ ሆዳቸው ባዶ ስለሆነም ነው። ይህን በስፖርት ሰዓት ማካካስ አይቻልም።

«በባዶ ሆድ ምን ስፖርት አለ?»

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንዲት እናት በስብሰባው ላይ ስታነሳው መልስ አልነበረኝም። በ2025 አጋማሽ ራሽን ከሙሉው ልክ ወደ 28 በመቶ ዝቅ ሲል ምን እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በቀን አንድ ጊዜ የበላ ልጅን «ሜዳውን አሥር ጊዜ ዙር» ማለት ጭካኔ ነው። ይህን የምለው የስፖርት ሰዓት ደጋፊ ሆኜ ነው።

ነገር ግን መልሱ ስፖርቱን መሰረዝ ነው ወይስ ልኩን ማስተካከል? በኔ አስተያየት ልኩን ማስተካከል ነው። ምግብ በሚያጥርበት ወቅት ረዥም ሩጫና ውድድር ይቅር። በምትኩ ሰኞ ማክሰኞ፣ ኳስ መቀባበል፣ ሰውነት ማፍታታት፣ የባህል ጭፈራ፣ አጭር የዱላ ቅብብል ይሁን፤ እያረፉ፣ በጥላ ሥር። ትምህርት ቤቱ የምሳ ወይም የገንፎ ፕሮግራም ካለው የስፖርቱ ሰዓት ከእሱ ጋር ይስማማ። ጨዋታ ለተራበ ልጅ ምግብ አይሆንም። ይሁን እንጂ የተራበ ልጅም ልጅ ነው፤ ከምግቡ ጋር ጨዋታውንም ከነሳነው ሁለት ነገር ወሰድንበት ማለት ነው።

ለሚከተሉት ልጆች ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ እስኪድን ይረፍ። በአልሚ ምግብ ፕሮግራም ውስጥ ያለ፣ ልቡን የሚያመው፣ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ያለበት ልጅ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል ክሊኒክ ይጠየቅ። አስም ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ መጫወት ይችላል፤ የሚነፋው መድኃኒት ግን አጠገቡ ይሁን። በጨዋታ መሐል ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ልጅ በዚያው ቀን ይታይ።

ሙቀቱንም አንርሳ። እዚህ ቀን ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ስፖርት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ከበረደ በኋላ ይሁን። (በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ስለሆነ ከአስተማሪዎቹ ጋር ለመግባባት አይቸግርም።) ልጆቹ ከጨዋታ በፊትም በኋላም ውሃ ይጠጡ። የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ወይም ግራ የተጋባ ልጅ ካለ ቶሎ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ልብሱ ይላላ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይቀዝቅዝ፤ ንቃቱ ካለ ውሃ ይጠጣ፤ ሳይዘገይ ወደ ክሊኒክ ይድረስ።

ግዴታው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። «ስፖርት ግዴታ ነው» ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ልጁ ነው፤ ይገደድ፣ ይሩጥ፣ ካልሮጠ ይቀጣ። እኔ ግን ግዴታው በመጀመሪያ የኛ የትልቆቹ ነው እላለሁ። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ የልጁ ከሆነ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ኳሱንና የሚያየውን ሰው የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱና የኛ ነው።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ሰዓት መመደብ ብቻውን ብዙ አይሠራም። በ2021 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ በትምህርት ቤት ውስጥ እንቅስቃሴን ለመጨመር የተሞከሩ 89 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምሮ ነበር፤ ከ66 ሺህ በላይ ልጆች የተካተቱበት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ልጆቹ በቀን የጨመሩት እንቅስቃሴ በአማካይ ከአንድ ደቂቃ በታች ነበር። የትንፋሽ ጥንካሬያቸው ግን ጥቂት ተሻሽሎ ተገኝቷል። ከዚህ የምረዳው በወረቀት ላይ ያለ ፕሮግራም ልጅን እንደማያንቀሳቅስ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ የኛን ሜዳ እንመልከት። አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ከመቶ በላይ ልጆች ወጡ። አንድ ኳስ ነበር። ሃያ ሁለት ወንዶች ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ያያሉ። ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ፀጉር ይሠራራሉ። በክራንች የሚሄድ አንድ ልጅ ነጥብ መዝጋቢ ሆኗል፤ ጓደኞቹ እንደነገሩኝ ሁልጊዜ ሥራው እሱ ነው። ዘግይተው የመጡ አራት ልጆች ለቅጣት ሜዳውን እንዲዞሩ ተደርገዋል። እንግዲህ ይህን «ስፖርት» ብለን ከጠራነው «ይሰረዝ» ያሉት ወላጆች አልተሳሳቱም። እነሱ የተሳሳቱት መፍትሔው መሰረዝ ነው ሲሉ ነው።

በተለይ ስለ ሴት ልጆቻችን

ከላይ የጠቀስሁት 85 በመቶ በኛ ሜዳ ዳር የተቀመጡትን ይጨምራል። ለምን እንደሚቀመጡ ጠይቄያቸዋለሁ። አንዷ «ቀሚሴ አይመችም» አለችኝ። ሌላዋ «ወንዶቹ ይስቁብናል» አለች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትመልስ ቀረች፤ ኋላ ላይ አንዲት ሴት በጎ ፈቃደኛ ስታነጋግራት የወር አበባዋ ላይ እንደሆነችና ሞዴስ እንደሌላት ነገረቻት።

እነዚህ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ ይቻላል፤ ለእምነቷም ለባህሏም አይከብድም። ከሜዳው አንዱ ጥግ ለሴቶች ይለይ፤ ሴት አስተማሪ ወይም ሴት በጎ ፈቃደኛ ትቁምላቸው። ሞዴስ ትምህርት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። የወር አበባ ላይ መንቀሳቀስ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለብዙዎች ቁርጠትን ያቀልላል። ልጅቷ ካልፈለገች ግን አትገደድ፤ በሰው ፊትም «ለምን?» ተብላ አትጠየቅ።

የሚያኮራ ምሳሌም ከራሳችን ካምፕ አለን። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ በዚሁ በካኩማ የኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ባንዲራውን ተሸክማ ቡድኑን የመራችው ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን ናት። በዚያው ቡድን ውስጥ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴም ነበር። ልጆቻችን ሁሉ ኦሊምፒክ ይሂዱ ማለቴ አይደለም። ሮዝ ግን በልጅነቷ «ሴት ልጅ ነሽ፤ ቁጭ በይ» ተብላ ቢሆን ኖሮ ሩጫዋን ማንም አያውቅም ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦

1. የልጃችሁን አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቁጠሩ። የተጫወተበትን ሰዓት ፈልጉ።
2. ሴት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ልቀቋት። ውሃውን ወንድሟም ይቅዳ።
3. የምታውቁትን የልጅነት ጨዋታ አንዱን አስተምሯቸው። ሱዚ ለመዝለል የሚያስፈልገው አንድ ላስቲክ ነው።
4. ነጠላ ጫማም ቢሆን ተጫምተው ይጫወቱ። የማቴንጌ እሾህ ስንት እግር እንዳመረቀዘ ክሊኒኩን ጠይቁ።

ለአስተማሪዎች፦

1. መቶ ልጅና አንድ ኳስ ካላችሁ ክፍሉን በአምስት ቡድን ክፈሉት። አንዱ ኳስ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ሰኞ ማክሰኞ፣ አንዱ ዱላ ቅብብል፣ አንዱ ሰውነት ማፍታታት። በየሰባት ደቂቃው ይቀያየሩ። የቡድን አለቆች ይረዷችኋል።
2. ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። በሩጫ የተቀጣ ልጅ ሩጫን ይጠላል።
3. አካል ጉዳተኛ ልጅ ነጥብ መዝጋቢ ብቻ አይሁን። ቁጭ ብሎ ኳስ መወርወርና መቅለብ ይችላል፤ ሌሎቹም አብረውት ቁጭ ብለው ይጫወቱ።

ለበጎ ፈቃደኞች፦

1. በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ተገኙ፤ አስተማሪው ብቻውን አይችልም።
2. ሜዳውን ከጠርሙስ ስባሪና ከእሾህ አጽዱ።
3. በየተርሙ አንድ ጊዜ ልኬት አድርጉ። ሁለት ድንጋይ በሃያ ሜትር ርቀት አስቀምጡ፤ ልጁ በስድስት ደቂቃ ውስጥ እየሮጠም እየተራመደም ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጻፉ። ልጁ የሚወዳደረው ከራሱ ካለፈው ቁጥር ጋር ነው፤ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ልኬቱም ከላይ በተናገርነው ሰዓትና ጥንቃቄ ይሁን።

መለካት ለምን ይጠቅማል? ስሎቬኒያ የምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ የተማሪዎቿን የአካል ብቃት ትለካለች። በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለሁለት ወር ያህል ተዘግተው ሲከፈቱ የልጆቹ ብቃት በዚያ ሁሉ ዓመት ታይቶ በማያውቅ መጠን ወድቆ አገኙት። ስላወቁትም ማስተካከያ ጀመሩ። እዚህ ኬንያ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ተዘግተው አብዛኞቹ ልጆች የተመለሱት በጥር 2021 ነው። የኛ ልጆች በእነዚያ ወራት ምን እንዳጡ የለካቸው ሰው ስለሌለ ዛሬ መናገር አንችልም።

በመጨረሻም

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ ይዤ እቀርባለሁ። አንደኛ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜዎቹ ባሉበት ይቆዩ፤ ሌላ አስተማሪም አይግባባቸው። ሁለተኛ፣ ሰዓታቸው ወደ ጠዋት ይዛወር። ሦስተኛ፣ ከወላጆች መካከል ስድስት ሰዎች ተመርጠው፣ ሦስቱ ሴቶች ሆነው፣ በየተራ ሜዳ ላይ ይገኙ። ከስድስቱ አንዱ እኔ እሆናለሁ። ለሂሳብ ማጠናከሪያ የሚሆን ሰዓት ደግሞ ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ ጠዋት እንፈልግ፤ የቀለም ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች በየብሎኩ አሉ፤ እንጠይቃቸው።

«ስንሮጥ ነው የኖርነው» ላሉት አባትም አንድ ቃል አለኝ። እውነትዎን ነው ጋሼ። እኛ የሮጥነው ፈርተን ነው፤ ልጆቻችን ግን ሳይፈሩ፣ እየሳቁ የሚሮጡበት አንድ ሰዓት ቢኖራቸው ብዬ ነው። በስብሰባው ላይ ከጎንዎ ብቀመጥ ደስ ይለኛል።

ትልቋ ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አነበበችውና «አባዬ፣ ደብዳቤውን የጻፍኸው አንተ እንደሆንህ በደንብ ግለጽ» አለችኝ። እንሆ ገልጫለሁ።

አስተያየት ያላችሁ፣ የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ጭምር፣ በክሊኒኩ በር ላይ በተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ጽፋችሁ አስገቡ። መጻፍ የማትችሉም ለብሎካችሁ የጤና በጎ ፈቃደኛ ንገሩ። ከስብሰባው በፊት ሁሉንም እናነባለን።

ቸር ያሰንብተን።